ጥሩነሽ ቡና ቀድታ ብትሰጠን

እናንተዬ፣ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ እኩዮቼ፣ እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ! ሰፈርተኛው ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ታጭቆ፣ ልጆች ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላ ቆመው፣ ጣሪያው ላይ አንድ ጎረምሳ አንቴናውን ይዞ «አሁንስ? አሁንስ?» እያለ ሲጮህ፣ እኛ የምናየው ዓለም ግራጫ ነበር። የዘፋኟ ጥለት ቀይ ይሁን ሰማያዊ እንገምታለን እንጂ አናይም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ ባለ ቀለም የሆነው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን ነውና፣ ሃያ ዓመት ያህል በግምት ኖረናል። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1971 ዓ.ም.፣ የቴሌቪዥንን ቀለም አይቻለሁ። በጀርባው በኩል!

በዚያ ዓመት ነው ኤሌክትሮኒክስ ለመማር የገባሁት። ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ነበርን፤ ሴቶቹ ሦስት። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ አላነሡም፣ «ደብተር አውጡ» አላሉም፤ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ጎለቱና በካቻቪቴ ብሎኖቹን ፈትተው የጀርባውን ክዳን ሲያነሡት፣ በሆዴ እልል አልኩ። ፊቱ ግራጫ የሆነው ያ ሳጥን ሆድ ዕቃው የእንቁጣጣሽ ሜዳ ነበር! ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይወርዳል፤ በየጥጉ ደግሞ እንደ አያቴ ጨሌ ቀለበት ቀለበት የተደረገላቸው ትንንሽ በርሜሎች ተደርድረዋል። ሬዚስተር የሚባሉት እነዚያ ናቸው። «ይኸ ጌጥ አይደለም» አሉን መምህራችን፣ «ጽሑፍ ነው። ማንበብ ትማራላችሁ»።

ተማርንም። ጥቁር ዜሮ ነው፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ሐምራዊ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበቶች ቁጥር ይሰጣሉ፣ ሦስተኛው ስንት ዜሮ እንደሚከተል ይናገራል፤ ዳር ላይ ያለው ወርቃማ ከሆነ ልኩ ከተጻፈው 5 በመቶ፣ ብርማ ከሆነ 10 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል ማለት ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ብሎ ከመጣ 1፣ 0፣ ከዚያ ሁለት ዜሮ፤ 1,000 ኦም። ይኸን ቅደም ተከተል ለመያዝ በእንግሊዝኛ የሚሸመደድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ ወንዶቹ በሹክሹክታ እየተሳሳቁ ይቀባበሉታል፤ ለሴት ልጅ ጆሮ የሚሆን ስላልነበረ እኛ ሦስታችን በምሳ ሰዓት ከደጅ ከነበረው ግራር ሥር ተቀምጠን የራሳችንን ሠራን፦

«ጥሩነሽ ቡና ቀድታ ብትሰጠን፣ ቢጣፍጠን አመሰገንናት፤ ሰኞና ሐሙስ ግን ነፈገችን።»

ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ግራጫ፣ ነጭ! ከመካከላችን ጥሩነሽ የምትባል አልነበረችም፤ «ጥ» ስለፈለግን ብቻ ወለድናት። በሳምንቱ ወንዶቹም የኛን ይዘው ተገኙ። እንግሊዝኛው እኮ ጥቁሩም ቡናማውም ሰማያዊውም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩበት ይምታታል፤ የኛ ፊደል ግን ቡ፣ ብ፣ ቢ ብሎ ለየብቻ ያስቀምጥልናል። እስከ ዛሬ ይኸን ሳስብ ደስታዬ አያልቅም።

ሽቦውንስ ታስታውሳላችሁ? የዛሬ ልጆች በአርባ አርባ ተያይዞ፣ ጫፍ ጫፉ መርፌ የተሰካለት፣ ዐሥር ዓይነት ቀለም ያለው ሽቦ ከማሸጊያው ያወጡና እንደ ጎመን ቅጠል እየገነጠሉ ይሰካሉ። ስናፕ፣ ስናፕ፣ አለቀ! እኛ ዘንድ ሽቦ ማለት ከምናለሽ ተራ በኪሎ ተመዝኖ የመጣ የተቆራረጠ የስልክ ገመድ ነበር። ጥቁሩን ወፍራም ልባስ በቢላዋ እንሰነጥቅና ከውስጡ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ሲፈልቁ፣ ቀይ ያገኘ ቡድን እንደ ሎተሪ ባለ ዕድል ይጨፍራል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ክንድ ቀይ፣ ሁለት ክንድ ጥቁር፣ የቀረው እንደ ዕድሉ። ሥራው ሲያልቅ ሽቦው ይነቀላል፣ እርሳስ ላይ ተጠምዝዞ ይቃናል፣ ለሚቀጥለው ክፍል ተመልሶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። ልባሱን የምንልጠው በጥርስ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጥርሴ ላይ ዛሬም ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ በምላሴ ስነካት ያ የፕላስቲክ ጣዕም ይመጣብኛል።

መምህራችን በቀለም ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጋቲቭ፤ ሌላው ቀለም ለሌላው መስመር። አንድ ቀን የኛ ቡድን ጥቁር ሽቦ አልቆበት ኔጋቲቩን በቀይ፣ ፖዘቲቩን በአረንጓዴ ሠራነውና ትንሿ ራዲዮ ጥርት ብላ የአዲስ አበባን ጣቢያ ያዘች። ዘፈን ሁሉ ይወጣል! ክፍሉ አጨበጨበ። መምህራችን ጎንበስ ብለው አዩት፣ አዳመጡት፣ ፈገግም አሉ፤ ከዚያ ግማሽ ነጥብ ሰጡን። «እናንተማ ታውቁታላችሁ፣ ነገ ይኸን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው» አሉ። በዚያች ደቂቃ ተናድጄ ነበር። ውዬ አድሬ ግን ከተማርኩት ሁሉ አብልጬ የያዝኩት ይኸንን ነው፤ ሠላሳ ዓመት በጥገና ሥራ ስኖር አንድ የተዘጋ ሣጥን ከፍቼ ቀለሙ በወጉ ሆኖ ባገኘሁት ቁጥር፣ ዐይቼው የማላውቀው ሠራተኛ «እንደምን ዋልሽ እህቴ፣ በዚህ በኩል እለፊ» ያለኝ ያህል ይሰማኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚያ ዘመን የላቡ ዕቃ የመጣው ከዓለም ዙሪያ ነውና እያንዳንዱ ዕቃ የሚናገረው የአገሩን ቋንቋ ነበር። ከባትሪ ጋር ስንሠራ ጥቁር ኔጋቲቭ ነው፤ ደኅና። የእንግሊዙን ዕቃ ስንከፍት ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል፣ አረንጓዴ ግራውንድ፤ ይሁን። የአሜሪካኑን ስንከፍት ግን ጥቁሩ ራሱ ፌዝ ሆኖ ቁጭ! ነጩ ነው ኒውትራሉ። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ሽቦ ሦስት ጠባይ አለው። ደግሞ የአሜሪካኑ ዕቃ 110 ቮልት ነው የሚጠጣው፤ የኛ ሶኬት 220። ሰው ረስቶ ስፒናውን የሰካ ቀን የምትወጣዋን ጭስ ከነሽታዋ ታስታውሷት የለ? ከዚያ በኋላ «110» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ጀርባው ላይ በትልቁ ተቀባ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ዕድሜ ጠገብ የጀርመን መለኪያ ነው። ስፒናው ተሰብሮ ልቀይር ስፈታው ሽቦዎቹ ጥቁር፣ ግራጫና ቀይ ናቸው። ቀዩን «ይኸ ፌዝ ነው» ብዬ ልይዘው ስል መምህራችን ክንዴን ያዙኝ። በጀርመን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ ቀይ የግራውንድ ቀለም ነበር! ከዕቃው ብረት አካል ጋር የሚታሰረው ማለት ነው። ቀዩን ከፌዝ ጋር ባስረው ኖሮ መላው ሣጥን 220 ቮልት ለብሶ የመጀመሪያውን ተማሪ ይጠብቅ ነበር። «ቀለም ይነግርሻል፣ ቴስተር ያረጋግጥልሻል» ብለው፣ ሆዷ ውስጥ ትንሽ መብራት ያላትን ካቻቪቴ እጄ ላይ አኖሩልኝ። ያቺን ካቻቪቴ እስካሁን አልሰጠሁም፤ ሳሎኔ ውስጥ ከሰርግ ፎቶዬ ጎን ተቀምጣለች።

ከዚያ አዲስ የቀለም ደንብ በየዕቃው ገመድ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ፦ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለበት ግራውንድ። እንግሊዞች በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ለዕቃ ገመድ ተቀብለውት ለቤት ውስጥ መስመር ግን እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በቀይና በጥቁራቸው ቆይተዋል፤ ሰው የለመደውን ቀለም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም እኮ! እኛ ግን አዲሱን በአንድ ቀን ተማርነው። ከክፍላችን አንዱ ገመዱን ቀና አድርጎ አየና «ቀዩ የጎደለው ባንዲራ!» ብሎ ጮኸ። ይኸው ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ፣ ቀዩ ሲቀር፤ ለምለም መሬት፤ ግራውንድ። ለኢትዮጵያዊ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚታወስ ቀለም ማን ሊያወጣለት ይችል ነበር? የእህቴ ልጅ ዛሬ ላብ ታስተምራለች፤ ይኸን አባባል ነግሬያት ተማሪዎቿ ሁሉ ይሉታል።

ስለ ቀለም ሳወራ አንድ የክፍል ጓደኛችንን ሳላነሣ አላልፍም። ሒሳብ ላይ የሚደርስበት አልነበረም፤ ሽቦ ላይ ግን ቀዩን ስትለው አረንጓዴውን ያነሣል። ዝንጉ ነው ብለን ስንት ቀን ሳቅንበት! መምህራችን አንድ ቀን ጭብጥ ሙሉ ሬዚስተር ፊቱ በትነው ጥቂት ጠየቁትና ነገሩ ተገለጠ፤ ቀይና አረንጓዴ ለዐይኑ አንድ ነበሩ። ራሱም አያውቅም ነበር። በማግሥቱ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ቁጭ ብለን ለእርሱ ቡድን ሽቦ ቋጠርን፤ ቀዩ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ አረንጓዴው ላይ ሁለት። በጣቱ እየዳሰሰ ከሁላችን ቀድሞ ይጨርስ ጀመር። ኋላ ሳነብ ቡናማና ሰማያዊ የተመረጡት፣ ግራውንዱም ባለ ሁለት ቀለም መስመር የሆነው እንደርሱ ዓይነት ዐይን ያለው ሰው ሳይቀር እንዲለያቸው ታስቦ መሆኑን ተረዳሁና በደስታ ስልክ ደወልኩለት። በሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ቀይና አረንጓዴ ይምታታበታል። ጓደኛችን ዛሬማ ስልኩን ወደ ሽቦው ያዞረዋል፣ ስልኩ «ቀይ» ይለዋል!

አሁን ደግሞ ስለ ጥንቃቄ ላውራችሁ፤ እዚህ ላይ ነው ሳቅ የሚገድለኝ። የመጀመሪያው ሕግ «ግራ እጅ ኪስ ውስጥ» የሚል ነበር። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያለበትን ነገር በአንድ እጅ ብቻ ንካ፤ በሁለት እጅህ ከያዝከው ኤሌክትሪኩ በአንዱ ክንድ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በደረትህ፣ በልብህ በኩል ያልፋል። እውነተኛ ሕግ ነው፤ የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ግን እኛ ሴቶቹ ቀሚስ ነው የለበስነው፤ ኪስ ከየት ይምጣ? መምህራችን አሰቡ አሰቡና «ከኋላ ቀበቶአችሁን ያዙ» አሉን። ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው እንደ ዘበኛ፣ እኛ ሦስታችን እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን እንደ እስክስታ መሪ!

ቴሌቪዥን ለመጠገን ደግሞ ስፒናው መነቀሉ ብቻ አይበቃም ነበር። ያ ወፍራም የመስተዋት ቱቦ ከተነቀለ በኋላም ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይዞ ይቆያል። መጀመሪያ መምህራችን አንድ ሽቦ ከዕቃው ብረት ጋር አስረው፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ካቻቪቴው አንገት ላይ ጠምጥመው፣ በቱቦው ላስቲክ ቆብ ሥር ሲያስገቡት «ጠሽ!» ይላል። ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። መምህራችን ግን ሁልጊዜ ደግመው ይነኩታል፤ አንዴ ከወጣ በኋላም ቀስ ብሎ ተመልሶ ይሰበሰባልና። የዛሬ ልጆች ያንን ድምፅ አያውቁትም፤ ስክሪናቸው እንደ ደብተር ሽፋን ስስ ነው።

ብየዳውን አስታወሳችሁት? 60 እጅ ቆርቆሮ፣ 40 እጅ እርሳስ የሆነው ሊድ በ190 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ እንደ ወለላ ሲፈስ፣ ሙጫው ሲጤስ ላቡ ዕጣን የታጠነበት ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ሁለቱ እጃችን ስለተያዘ ሊዱን በጥርሳችን እንይዘዋለን። በጥርሳችን! እርሳስን! በጢሱ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ አፍሮ ጎንበስ ብሎ፣ በሳምንት አንዴ የአንዱ ጠጉር ጫፍ መበየጃውን ይነካና የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ይሞላዋል፤ ባለቤቱ ራሱን እየዳበሰ፣ እኛ ሆዳችንን ይዘን። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ገደብ ሳቢያ አብዛኛው ሊድ እርሳስ የለበትም፤ ለመቅለጥ ከ217 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ጢሱን የምትስብ ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ ሰሌዳውን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የሚመስል መቆንጠጫ አለ፤ ልጆቹም መነጽር አድርገው፣ ጠጉራቸውን አስረው፣ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሳያቸው ልቤ ይረካል!

ፊውዝ ሲቃጠልስ? የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት። ተጠቅልላ ትገባለች፣ ዕቃው ይነሣል፣ መምህሩ ሲመጡ ሁሉም ሰማይ ያያል። ፊውዝ የምትሞተው ሌላው እንዲድን ነው፤ የማትሞት ፊውዝ ሰጥተናት ነበር ማለት ነው። ዛሬ በእህቴ ልጅ ላብ ግድግዳው ላይ ያለው መቁረጫ 30 ሚሊአምፒር፣ ማለትም ከአንድ አምፒር መቶ እጅ ሦስቱ ብቻ፣ ወደ መሬት ካመለጠ ዐይን ሳይጨፈን ይቆርጣል። በየሳምንቱ ቁልፏን ተጭነው ይፈትሹታል፤ «ጠቅ»፣ ሳቅ፣ ወደ ሥራ። የመለኪያው ገመድ ጫፍም እኛ ዘንድ የተራቆተ ብረት ነበር፤ አንዱን ሰክተህ ሌላውን ከረሳኸው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይጠብቅሃል። የዛሬው እስከ ጫፉ ድረስ ላስቲክ ለብሷል።

ኦሲሎስኮፕ ለሠላሳ አንዳችን አንድ ነበር። ያቺ አረንጓዴ ብርሃን በክቡ መስተዋት ላይ ስትዋኝ ለማየት እንደ ዳቦ ሰልፍ እንሰለፋለን። ጥቁሯ መቆንጠጫዋ ከግራውንድ ጋር የታሰረች መሆኗን የዘነጋ አንድ ልጅ ፌዝ ላይ ቆንጥጧት የሰማነው ድምፅና ያየነው ሰማያዊ ብልጭታ ግን ለሁላችንም በቂ ትምህርት ሆነ። ልጁ ደኅና ነበር፤ መቆንጠጫዋ ጥርሶቿን አጣች።

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ነይና ልጆቹን እይልኝ» ብላ ወሰደችኝ። አቤት ደስታዬ! በአንዱ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ፈትተው የላብ ባትሪ አድርገውታል፤ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3፣ ጥቁሩ ግራውንድ፤ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ሲያገናኙት ይነሣል። «እዩ እንግዲህ» አልኳቸው፣ «ሶኬት ላይ አረንጓዴ ግራውንድ ነበረ፤ እዚህ ደግሞ መቀስቀሻ ሆነ!» በሌላው ጠረጴዛ የኔትወርክ ገመድ የሚያበጁት «ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ» እያሉ እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ከጥግ አንድ ሰሌዳ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ገመድ ተቆርጦ ተለጥፏል። የኤሌክትሪክ መኪና ገመድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በእነዚህ መኪኖች ሞልቷል፤ ልጆቹም ክዳን ከፍተው ብርቱካናማ ሲያዩ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት መሆኑን አውቀው እጃቸውን እንዲሰበስቡ ይማራሉ። ለእኛ ብርቱካናማ 3 ብቻ ነበረች! መሣሪያው ሁሉ ስሙ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ደግሞ አንዷ ልጅ «ካቻቪቴ አቀብለኝ» ስትል ሰማሁና ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ የተበላሸ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አምጥተው ፊቴ ከፈቱት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እናንተዬ፣ ቀለበት የለም! ጨሌ የለም! ሬዚስተሮቹ ከጤፍ ብዙም ያልበለጡ ጥቋቁር ፍሬዎች ናቸው፤ በላያቸው በነጭ «472» ተጽፏል። 4፣ 7፣ ሁለት ዜሮ፤ 4,700 ኦም። ቋንቋው ያው የኛው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ሄዷል። ድሮ ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ሆዱ ባለ ቀለም፤ ዛሬ ፊቱ ባለ ቀለም፣ ሆዱ ጥቁርና ነጭ! እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ልጆቹ ምን ነካት ብለው ተያዩ። ስነግራቸው የእህቴ ልጅ ከመሳቢያ አንድ አሮጌ ሬዚስተር አውጥታ ሰጠችኝ። አንዱ ስልኩን ሊያነሣበት ሲል «ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፤ ይኸም 4,700!» አልኩ። ጭብጨባ ሆነ። ሳላስተውለው ግራ እጄ ከኋላ ቀበቶዬን ይዟል፤ ልጆቹ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ አንዷ ወዲያው ግራ እጇን ወደ ጂንሷ የኋላ ኪስ ከተተች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ መደዳው ሁሉ።

ጥሩነሽን ያስተማርኳቸው በዚያው ቆመን ነው። ሦስቴ በኅብረት አሉት፤ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን ነገሩ አልዋጥለት አለና እጁን አወጣ።

«እማማ፣ ሰኞና ሐሙስ ግን ለምን ነፈገችን?»

«ሰማያዊና ሐምራዊ መጥተውባት ነዋ፣ ልጄ!»